ወጣት ፈረስን ከልባብ እስከ ኮርቻ፦ ሳይቸኩሉ የመግራት ዝርዝር መመሪያ

ፈረሱ ጀርባ ላይ መጀመሪያ የሚወጡበት ቀን አሰልቺ መሆን አለበት። ፈረሱ ከዘለለ፣ ሰውየው ጋማ ጨብጦ ከተንጠለጠለ፣ ተመልካቹም ከጮኸ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት አንድ ነገር ተዘልሏል ማለት ነው። በደንብ የተዘጋጀ ፈረስ ሰው ሲቀመጥበት አንድ ጆሮውን ወደ ኋላ ዘወር አድርጎ "ዛሬ ደግሞ ምን አመጣችሁ?" ያለ ይመስል ዝም ብሎ ይቆማል። እዚያ አሰልቺ ቀን ላይ እንዴት እንደሚደረስ ነው የምጽፈው።

ከፈረስ ጋር ቆይተው የማያውቁ ከሆነ ግን አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ለፈረስ አዲስ የሆነ ሰውና ለሰው አዲስ የሆነ ፈረስ አብረው አይጀምሩም። አንዳቸው ሥራውን ማወቅ አለባቸው። የተገራ ፈረስ ላይ ሚዛንዎን ጠብቀው፣ በዛቡ (ከልጓሙ ወደ እጅዎ በሚመጣው መሳቢያ) ሳይንጠለጠሉ መቀመጥ እስኪችሉ ድረስ ወጣቱን ልምድ ላለው ሰው ይተዉ፤ ወይም አጠገቡ ሆነው ይማሩ።

ዕድሜው ደርሷል?

ፈረስ በ2 ዓመቱ ትልቅ ይመስላል። ቁመቱን ሊጨርስ ጥቂት ነው የቀረው። ዓይን የሚያታልለውም እዚህ ላይ ነው፤ አጥንቱ ገና አልጠናም። አጥንቶቹ የሚያድጉባቸው ልስልስ ቦታዎች በጥቅሉ ከታች ወደ ላይ እየጠነከሩ ይዘጋሉ። ከሰኮናው በላይ ያሉት ቀድመው ይዘጋሉ። የፊት እግሩ ጉልበት አካባቢ ያለው 2 ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ይደርሳል። የጀርባ አከርካሪው ግን የመጨረሻው ነው፤ 5 ዓመት አልፎትም ገና አይጨርስም። እኛ የምንቀመጠው ደግሞ በትክክል እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ እኔ የመሬቱን ሥራ በ2 ዓመቱ ጨዋታ በሚመስል መጠን እጀምራለሁ፤ ጀርባው ላይ ግን 3 ዓመት ሳይሞላው አልወጣም። በ3 ዓመቱም ጥቂት ሳምንት በቀላሉ ሠርቶ ለወራት ቢያርፍና ሥራውን በ4 ዓመቱ ቢቀጥል ምንም አይጎድልበትም። እንዲያውም ከእረፍት ሲመለስ የተማረውን በደንብ አስታውሶ ያገኙታል።

ክብደትም ይታሰብበት። ለጎልማሳ ፈረስ ጋላቢውና ኮርቻው ተደምረው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳይበልጡ ይመከራል። ለወጣት ከ15 በመቶ ባያልፍ ይሻላል። 400 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 60 ኪሎ ነው፤ ኮርቻውን ጨምሮ! የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቀለል ያለ ጋላቢ ቢወጣ ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ልጓም ከማጉረስዎ በፊት የእንስሳት ሐኪም አፉን ይይለት። የፊት ጥርሶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በ2 ዓመት ተኩል፣ በ3 ዓመት ተኩልና በ4 ዓመት ተኩል ገደማ ይቀየራሉ፤ በዚያው ዕድሜ መንጋጋዎቹም ይለዋወጣሉ። አንዳንዱ ፈረስ ከመንጋጋዎቹ ፊት ለፊት ትንሽዬ ትርፍ ጥርስ ያወጣል። ብረቱ እዚያ ላይ ሲያርፍ ያመዋል፤ ጭንቅላቱን ይወረውራል። ሰውየው ደግሞ "ባለጌ ፈረስ" ይለዋል። ሐኪሙ እዚያው ሳለ ጀርባውንና ሰኮናውን እንዲያይ ይጠይቁት።

ፈረስ የሚማረው ሲለቁት ነው

ይህን ክፍል ቶሎ አልፈው ወደ ኮርቻው ለመድረስ አይቸኩሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የዚህ ልምምድ ነው።

እጅዎን ደረቱ ላይ ያድርጉና በቀላሉ ይግፉ። መጀመሪያ ምንም አያደርግም። ምናልባት መልሶ ይገፋዎታል። እጅዎን አያንሱ፤ ኃይልም አይጨምሩ፤ እዚያው ይቆዩ። ትንሽ ቆይቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ያሸሻል። ገና እግሩን ሳያነሳ፣ ክብደቱን ባሸሸበት ቅጽበት እጅዎን ያንሱ። ፈረሱ የተማረው በመገፋቱ አይደለም፤ እጁ በመነሳቱ ነው። "አሃ፣ ወደ ኋላ ሳስብ ይተወኛል" ይላል። አምስት ስድስት ጊዜ ሲደግሙት ጣትዎን ሲያስጠጉ ብቻ ወደ ኋላ ይሄዳል።

አሁን የተገላቢጦሹን ያስቡት። መልሶ ሲገፋዎት ደከመዎትና እጅዎን አነሱ። ምን ተማረ? መግፋት እንደሚያዋጣ። ብዙ "እምቢተኛ" የሚባሉ ፈረሶችን እምቢታ ያስተማራቸው በተሳሳተ ሰዓት የለቀቃቸው ሰው ነው። ሦስት ሴኮንድ ዘግይቶ መልቀቅ እንኳ ሌላ ትምህርት ይሆናል፤ ፈረስ የሚያያይዘው ልክ በዚያች ቅጽበት ያደረገውን ነውና። በዛብም፣ በእግርም፣ በገመድም ሕጉ አንድ ነው፦ በትንሹ ይጠይቁ፣ ካልመለሰ ቀስ ብለው ይጨምሩ፣ ሲሞክር ወዲያው ይልቀቁ። አንገቱን ቢያሻሹለትማ የበለጠ ነው።

ሌላው ነገር ዓይኑ ነው። ዓይኖቹ በጎንና ጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያያል። የማይታየው ልክ ከጭራው ኋላ ያለውና ከግንባሩ ፊት፣ ከአፍንጫው ሥር ያለው ጥቂት ቦታ ነው። ስለዚህ በትከሻው በኩል እየተናገሩ ይቅረቡ። በግራ ዓይኑ ያየውን በቀኝ ሲያየው ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ይደነብራል። በግራ በኩል ያስተማሩትን ሁሉ በቀኝም ያስተምሩ፤ የቀኙን ትቶ የማለፍን ስንፍና የምታጋልጠው መጀመሪያ ቀኝ እግርዎን ወደ ማዶ ያሻገሩባት ሰዓት ናት።

ቦታና ዕቃ

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ዙሪያው ጠንካራ አጥር ያለው፣ መሬቱ ለስላሳና የማያንሸራትት ቦታ ይኑርዎት። ክብ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር 18 ሜትር ገደማ ይበቃል። በልኩ የሆነ ልባብ (አፉ ውስጥ የሚገባ ብረት የሌለው የራስ ማሰሪያ)፣ 4 ሜትር ያህል ወፍራም ገመድ፣ 7 ወይም 8 ሜትር የሆኑ ሁለት ረጃጅም ገመዶች፣ ለስላሳ ልጓም፣ የሚስማማ ኮርቻ። ለእርስዎ ሄልሜትና ተረከዝ ያለው ጫማ። ተረከዙ ለጌጥ አይደለም፤ እግርዎ እርካቡን (የኮርቻውን የእግር መርገጫ) አልፎ ገብቶ እንዳይያዝ ነው።

ገመድን በእጅ ላይ መጠቅለል ክልክል ነው። ፈረሱ ሲፈረጥጥ ጣት ይዞ ይሄዳል። አጥፈው በመዳፍዎ ይያዙት።

የመሬት ሥራ

የመሬት ሥራ ስንት ቀን ይፈጃል ብለው ከጠየቁኝ፣ ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ይመድቡ እላለሁ። በየቀኑ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃል። ወጣት ፈረስ ሐሳቡን ሰብስቦ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስተምሩት መሰልቸትን ነው።

መጀመሪያ መመራት ይልመድ። ከትከሻው ጎን ሆነው ይራመዱ፤ ፊት ለፊቱ ሆነው አይጎትቱት። እርስዎ ሲቆሙ ይቁም። ካለፈዎት ያዙሩትና እንደገና። ከጎተተዎት ገመዱን ጠበቅ አድርገው ይጠብቁ፤ ሲያላላ ያላሉለት። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ገመዱ ረግቦ አብሮዎት የሚሄድ ፈረስ ይኖርዎታል።

ቀጥሎ የኋላ እግሮቹን ማዞር ነው። ይህን ቀላል ልምምድ ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ከጎኑ ይቁሙ፤ ራሱን በገመዱ ትንሽ ወደ እርስዎ ያምጡ፤ ወደ ታፋው እየተመለከቱ አንድ እርምጃ ይጠጉ። የኋላ እግሩን በሌላኛው ፊት አሻግሮ እንዲረግጥ ነው የሚፈልጉት። ሲረግጥ ይልቀቁት። ፈረስ ለመፈርጠጥም ሆነ ለመዝለል ኃይሉን የሚያገኘው ከኋላ እግሮቹ ነው። እነሱን አሻግሮ ሲረግጥ ያ ኃይል ይፈታል። ነገ ጀርባው ላይ ሆነው ሲደነብርብዎት የሚያድንዎት ይኸው ነው።

ከዚያ መንካት። መላ ሰውነቱን በእጅ፣ ከዚያ በጨርቅ፣ ከዚያ በገመድ ያስለምዱት። ከትከሻው ይጀምሩ፤ ወደ ሆዱ፣ ወደ ታፋው፣ ወደ እግሮቹ ይሂዱ። ኮርቻውን የሚያስረው ጠፍር የሚያርፍበትን የሆዱን ሥር አይርሱ። የእርስዎ እግር የሚነካውን ጎኑንም እንዲሁ። ሲንቀሳቀስ እጅዎን አያሽሹ፤ አብረውት ይሂዱ፤ ሲቆም ያንሱ። አራቱንም እግሮች ማንሳት በዚሁ ያልፋል።

የሚያስፈሩ ነገሮችስ? ፌስታል፣ ጃንጥላ፣ መሬት ላይ የተነጠፈ ሸራ ያምጡ። ግን ፈረሱን በፌስታል እያሳደዱ "አስለመድኩት" አይበሉ፤ ያ ማስለመድ አይደለም። ፌስታሉን እርስዎ ይያዙና ከእሱ እየራቁ ይሂዱ፤ እሱ ይከተል። የሚሸሽን ነገር የሚያስፈራ ብሎ ማሰብ ለማንም ይከብዳል! ጥቂት ቆይቶ ራሱ ሊያሸተው ይመጣል።

ፊቱን ማንበብ ይልመዱ። ጆሮው ልል ከሆነ፣ አንገቱ ዝቅ ካለ፣ ከንፈሩ ካልተጨመደደ ጥሩ ነው። ራሱን ከፍ አድርጎ፣ የዓይኑ ነጭ እየታየ፣ ጭራውን ቆልፎ ከቆመ አልገባውም ወይም ፈርቷል። ዝም ብሎ የደረቀ ፈረስ የተረጋጋ ፈረስ አይደለም። በዚህ የሚሞኝ ሰው ብዙ ነው። ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ ትንፋሹን ይዞ የቆመ ፈረስ ከሚንቆራጠጠው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ሲፈነዳ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው።

ልጓም

ለመጀመሪያ ጊዜ መሐሉ ላይ የሚታጠፍ፣ ያልቀጠነና ለስላሳ ብረት ይምረጡ። ቅዝቃዜው እንዲለቅ በእጅዎ ያሙቁት። አውራ ጣትዎን በአፉ ጥግ፣ ጥርስ በሌለበት ክፍተት ያስገቡ፤ አፉን ይከፍታል። ብረቱን ከጥርሱ ጋር ሳያጋጩ ያስገቡት። ሲያወጡ ደግሞ ራሱ እስኪተፋው ይጠብቁ፤ መጎተት የለም። መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ያለ ዛብ ያኝከው፤ ሥራው ሁሉ በልባብ ይቀጥል። ብረቱን ይዞ ምላሱን ማንቀሳቀስ ሲያቆም ለምዶታል።

ኮርቻ

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ነበር። ፈረሱ ጎበዝ ነው፤ ኮርቻውን ሳስቀምጥበት ንቅንቅ አላለም። "እንግዲህ ለምዷል" ብዬ ጠፍሩን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠበቅሁት። ቆሞ እያለ ምንም አልሆነም። አንድ እርምጃ ሲራመድ ደረቱ ላይ የጠበቀው ነገር ተሰማውና ፈነዳ። ኮርቻው ዞሮ ሆዱ ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አይከብድም። ማንም አልተጎዳም፤ ኮርቻ ሲያይ እንዳይሸሽ ለማድረግ ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከኮርቻው ሥር የሚገባውን ወፍራም ጨርቅ ያሽትት። ትከሻውን፣ ጀርባውን ያሹበት። ያንሱት፣ መልሰው ያድርጉት፤ በሁለቱም በኩል። ከዚያ ሰፊና ለስላሳ መቀነት በደረቱ ዙሪያ ያዙሩና በእጅዎ ብቻ ይያዙት እንጂ አይሰሩት። ትንሽ ጠበቅ፣ ሲረጋጋ ላላ። ጠፍር ማለት ይህ መሆኑን ኮርቻ ሳያይ ይማራል።

ኮርቻው ሲመጣ እርካቦቹ ወደ ላይ ይታሰሩ፤ እንዳይመቱት። ቀስ አድርገው ያስቀምጡት፤ አይወርውሩት። ጠፍሩን ኮርቻው እንዳይዞር ያህል ብቻ ይሰሩ። ከልክ በላይ ላልቶ መዞርም፣ በአንዴ ጠብቆ ማስደንገጥም ሁለቱም መጥፎ ናቸው። አምስት ስድስት እርምጃ ያስኪዱት። አንድ ቀዳዳ ይጨምሩ። ያዙሩት። አንድ ቀዳዳ ይጨምሩ። ከዚያ በረጅሙ ገመድ ዙሪያዎን በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ ያስኪዱት። ጀርባውን ቢያጎብጥና ቢዘል አይጩኹበት፤ ወደፊት እንዲሄድ ያበረታቱት። ትንፋሹ እስኪረጋጋ ድረስ ኮርቻውን አያውርዱ። ሲዘል ካወረዱለት መዝለል ኮርቻ ያስወርዳል ብሎ ይማራል።

ልኩንም ይዩ። የኮርቻው ፊት የትከሻ አጥንቱን መጫን የለበትም። አንገቱና ጀርባው በሚገናኙበት ጉብታና በኮርቻው መካከል ሁለት ሦስት ጣት ይግባ። ኋላው ከመጨረሻው ጎድን አጥንት አይለፍ።

በሁለት ገመድ ከኋላ መንዳት

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። በእኔ አስተያየት ግን ከመሬት ወደ ጀርባ የሚያሻግረው ድልድይ ይህ ነው። ሁለቱን ረጃጅም ገመዶች ከልባቡ ግራና ቀኝ ያስሩና በእርካቦቹ ውስጥ አሳልፈው ወደ ኋላ ያምጧቸው። እርካቦቹን በሆዱ ሥር በገመድ ያያይዟቸው፤ እንዳይወዛወዙ። ከኋላው ትንሽ ወደ ጎን፣ ርግጫ ከማይደርስበት ርቀት ይራመዱ። ገመዱ ታፋውን ሲነካው እንዳይደነግጥ አስቀድመው አስለምደውታል ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ጋላቢ ሳይኖር መሪ መቀበልን ይማራል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቁም፣ ሂድ። ድምፅዎን ይጨምሩበት፤ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ቃል፣ ሁልጊዜ ያው ቃል። ደህና ሲሆን ገመዱን ከልባቡ ወደ ልጓሙ ያዛውሩ። ከአጥር ውጭም ይውሰዱት፤ መኪና፣ ውሻ፣ ልጅ የሚሮጥበትን ዓለም ከፊት የሚመራው ሰው ሳይኖር ይየው።

መውጣት

ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ትንሽ ከሠራ በኋላ ያድርጉት። ልምድ ያለው ረዳት ገመዱን ይዞ ከፈረሱ ራስ ጎን ይቁም። ፈረሱ በምንም ዓይነት እንዳይታሰር! የታሰረ ፈረስ ሲደነግጥ መሄጃ ያጣል።

መወጣጫ ላይ ይቁሙ። ከበላዩ ሆነው ሲያይዎት ብቻውን አዲስ ነገር ነው፤ ይላመደው። ኮርቻውን በእጅዎ መታ መታ ያድርጉ። እርካቡን ይሳቡ። አንድ እግርዎን እርካቡ ላይ አድርገው ክብደትዎን ይጨምሩ፣ ይውረዱ። እንደገና። ከዚያ በሆድዎ ኮርቻው ላይ ይደገፉና ማዶውን በእጅዎ ያሻሹለት። ይውረዱ። ይህንን በሁለቱም ጎን፣ በተለያየ ቀን ይድገሙት። ረዳቱ አንድ ሁለት እርምጃ ያስኪደው፤ ክብደት ሲንቀሳቀስ ሚዛኑን መፈለግ አለበት።

ይህ ሁሉ ሲሰለቸው እግርዎን ያሻግሩ። ታፋውን እንዳይመቱት ከፍ ያድርጉ። በቀስታ ይቀመጡ፤ ዱብ አይበሉ። አንገቱን ያሻሹ፤ ግማሽ ደቂቃ ይቆዩና ይውረዱ። ለዚያ ቀን አበቃ። "በጣም ጥሩ ስለሆነ ትንሽ ልጨምር" የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ አይስሙት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያዘው ረዳቱ ነው። እርስዎ ጭነት ነዎት። ቀስ በቀስ ሥራውን ይረከቡ፦ ድምፅዎ ይቅደም፣ የእግርዎ ልስልስ ጭመቃ ይከተል፣ ካልሄደ ብቻ ረዳቱ ያግዝ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ረዳቱ መሐል ቆሞ ተመልካች ይሆናል፤ ከዚያ ገመዱ ይፈታል።

10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል፤ በሳምንት አራት ቀን። መዞር፣ መቆም፣ መሄድ። በአንድ ዛብ ማቆምን ቆሞ ሳለና በእርምጃ ደጋግመው ያለማምዱት፦ አንዱን ዛብ ወደ ጉልበትዎ ይሳቡ፣ አንገቱ ይታጠፍ፣ የኋላ እግሩ ይሻገር፣ ሲቆም ይልቀቁ። የመሬት ሥራው ያው ልምምድ ነው። በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለ ግን አንገቱን በድንገት አይጠምዝዙ፤ ሊወድቅ ይችላል። ክቡን እያጠበቡ ያምጡት።

ሶምሶማ የሚመጣው በእርምጃ ላይ መሪና ፍሬን ሲኖርዎት ነው። እርካቡ ላይ ከፍ ዝቅ እያሉ ይጋልቡ፤ ጀርባው ላይ አይንጠባጠቡ። ለግልቢያ፣ ማለትም ከሶምሶማ ለሚፈጥነው ሩጫ፣ አይቸኩሉ። ሰው ተሸክሞ ሚዛኑን መጠበቅ ገና እየተማረ ነው። ብዙዎቹ ዝግጁ ሲሆኑ ከሶምሶማ ራሳቸው ይገቡበታል፤ ያን ቀን ጥቂት እርምጃ ይፍቀዱለትና በእርጋታ ወደ ሶምሶማ ይመልሱት። ወደ ውጭ ሲወጡ ደግሞ ዕድሜ ያለው፣ የማይደነብር ፈረስ ከፊት ይሂድለት። ወጣት ፈረስ ከእኛ ይልቅ የእሱን ጆሮ ነው የሚያምነው።

ነገር ሲበላሽ

ትናንት ደህና የነበረ ፈረስ ዛሬ ሲዘል ወይም ጠፍር ሲያጠብቁ ሊነክስ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ሕመም ይፈልጉ። ጀርባውን በጣት ጫን ጫን እያደረጉ ይዳስሱ። ኮርቻውን ይዩ፤ ወጣት ፈረስ ቅርፁ ስለሚለዋወጥ ከሦስት ወር በፊት ልኩ የነበረው ዛሬ ሊጠበው ይችላል። አፉን ይዩ። መኖውንም ይጠይቁ፤ ገብስ በልቶ ሙሉ ቀን በረት የዋለ ፈረስ ጉልበቱን የሚያወጣው እርስዎ ላይ ነው።

ሕመም ከሌለ ወደ ኋላ ይመለሱ። ተቀምጠውበት የፈራውን ነገር ከመሬት ሆነው ያስተካክሉ። ከዘለለብዎት ራሱን በፊት እግሮቹ መሐል እንዲቀብር አይፍቀዱ፤ አንዱን ዛብ ከፍ አድርገው ወደፊት ይንዱት። እየተራመደ መዝለል ቆሞ ከመዝለል ይከብደዋል። ከተቆጡ ደግሞ ይውረዱ። የሚችለውን አንድ ቀላል ነገር ያሠሩት፣ ያመስግኑት፣ ይልቀቁት።

ሥራ ሲያልቅ ጠፍሩን በአንዴ አይፍቱ፤ አላልተው ጥቂት ያስኪዱት። ኮርቻውን ሲያነሱ ላቡን ይመልከቱ። በሁለቱም ጎን እኩል የረጠበ ከሆነ ጥሩ ነው። በረጠበው መሐል ደረቅ ነጠብጣብ ካዩ ኮርቻው እዚያ ላይ ከልክ በላይ ተጭኖት ሊሆን ይችላል፤ ከነገ ጀምሮ ሌላ ኮርቻ እስኪያገኙ የመሬት ሥራ ብቻ ይሥሩ።